በነፃ ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ውጤቷ ስለምን ዝቅ ይላል?



የቲሞችን ለመርዳት እጃቸውን የዘረጉ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በነፃ ነው፤ ለልጅቱም የዕለት ጉርሷና የዓመት ልብሷ ተሟልቶላታል፤ ታዲያ ውጤቷ ስለምን ዝቅ ይላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡን ለአላህ ብሎ ያወጣ ሰው ገንዘቡ ከምን እንደደረሰ የመጠየቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልጅቱ ሰነፍ ናት» ወይም «ትምህርት ቤቱ ደካማ ነው» የሚል አጭር ፍርድ ሲሆን፣ ሁለቱም ከነገሩ ሥር አይደርሱም። በዚህ ጽሑፍ በአገራችን በኢትዮጵያ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሴቶች ልጆች ውጤት በምን ምክንያት እንደሚወድቅ፣ ቤተሰብም ሆነ ለጋሽ ከየት ሊይዘው እንደሚችል እንመለከታለን።

«ነፃ» ማለት ምን ማለት ነው?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ይከፈል የነበረውን የትምህርት ክፍያ አስቀረ። ከዚያ በፊት ለትምህርት ከደረሱት የአገሪቱ ሕፃናት መካከል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ገበታ ላይ የሚገኙት ከሦስቱ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። የሴቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ፖሊሲው በወጣበት ወቅት 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። እናቷ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ያደገች፣ እርሷ ግን ደብተር ይዛ የምትወጣ ልጅ በየመንደሩ የታየችው በዚህ ዘመን ነው። ይህንን ለውጥ ማሳነስ አይገባም።

ነገር ግን የቀረው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። የደንብ ልብስ፣ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ጫማ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚዋጣው መዋጮ በየቤቱ ጫንቃ ላይ ቀርተዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስና ደብተር ማደሉና ምገባ መጀመሩ ለብዙ እናቶች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ከዋና ከተማው ርቀን በሄድን መጠን ግን እንዲህ ያለው ድጋፍ እየሳሳ ይሄዳል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ወጪ ደግሞ ደረሰኝ የሌለው ነው። እርሱም የልጅቱ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ በዚያ ሰዓት ውኃ አልቀዳችም፣ ታናሿን አልጠበቀችም፣ ለእናቷ ጉሊት አልተቀመጠችም። ድሃ ቤተሰብ ይህንን ወጪ ይከፍላል። ሲከብደው ግን ልጅቱን ከትምህርት ቤት አያስወጣትም። በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስሟን ይተውና ከጥናቷ ሰዓት ላይ ይቀንሳል። እኛ የምናየው ስሟን ነው፤ የተቀነሰውን ሰዓት አናይም።

ሰዓቱ የት ይሄዳል?

በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመማሪያ ክፍል ስለማይበቃ ተማሪዎች በፈረቃ ይማራሉ። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ይገባል። የከሰዓት ፈረቃ ለሆነች ልጅ ጠዋቱ ለጥናት የተረፈ ይመስላል። በተግባር ግን ቤተሰቡ ያንን ጠዋት እንደ ትርፍ የሥራ ሰዓት ይቆጥረዋል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ተመላልሳ፣ ቤት ጠርጋ፣ ምሳ አድርሳ ወደ ክፍል የገባች ልጅ፣ የሒሳብ መምህሩ ክፍልፋይን በሚያስረዳበት ሰዓት ዓይኗ ቢከደን ስንፍና አይደለም። የጠዋት ፈረቃ የሆነችውም ብትሆን ከሰዓቷ ለቤት ነው፣ ማታዋም ለእራት ዝግጅት። መብራት በሌለበት ወይም በሚጠፋበት ቤት ደግሞ ከእራት በኋላ ለጥናት የሚቀር ነገር የለም።

በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ያንግ ላይቭስ» የተሰኘው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአገራችን 3,000 ያህል ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና ሲከታተል ቆይቷል። ከጥናቱ ከታዩት ነገሮች አንዱ ወንዶች ልጆች ጉልበታቸውን በይበልጥ በከብት ጥበቃና በእርሻ፣ ሴቶች ደግሞ በቤት ውስጥ ሥራና በሕፃናት እንክብካቤ ማሳለፋቸው ነው። በገጠር የወንዱም ሸክም ቀላል አይደለም፤ ይህንን መዘንጋት ፍትሕ አይሆንም። በከተማ ግን የሚጠበቅ ከብት የለም። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እርሷ ምድጃ ሥር ናት።

እዚህ ላይ የመድረሳ ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። አንዳንዶች ልጅቱ በትምህርት ወደኋላ የቀረችው ቂርአት ስለበዛባት ነው ይላሉ። በእኛ እይታ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። በመድረሳ ተቀምጣ ፊደል የለየች፣ ኡስታዙ ፊት ሳትፈራ ያነበበች ልጅ በትምህርት ቤትም የመቀመጥና የማዳመጥ ልማድ ይዛ ትገባለች። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰዓት በጠበበ ጊዜ ቤተሰቡ የሚቀንሰው ወይ ቂርአቷን ወይ ጥናቷን ነው። የቤቱን ሥራ ለወንድሟ የሚያካፍል ግን ጥቂት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር የተጠየቁት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤተሰባቸውን በሥራ ይረዱ እንደነበርና የሶላት ወቅት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ሳህን ማጠብ ለወንድ ልጅ ነውር ነው የሚል አባወራ ይህንን ሐዲስ ቢያስብበት መልካም ነው።

ካርዱ የማይናገረው

ወላጆች የልጃቸውን ካርድ ሲቀበሉ በቅድሚያ የሚመለከቱት ደረጃዋን ነው። «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ደረጃ የሚነግረን ግን ልጅቱ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ስትነጻጸር የት እንዳለች ብቻ ነው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ፣ 10ኛ የወጣችዋም ላታነብ ትችላለች።

ነገሩን የሚያከብደው በታችኛዎቹ ክፍሎች ተማሪ በውጤቱ ምክንያት ክፍል እንዳይደግም የሚያደርገው አሠራር ነው። የ1986ቱ ፖሊሲ ከተተገበረ በኋላ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በተከታታይ ምዘና እየታገዙ በቀጥታ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሕፃን ልጅ በመጀመሪያው ዓመት «ወደቅሽ» ተብላ ተስፋ እንዳትቆርጥ ለማድረግ ነው። ይሁንና ምዘናው በስም ብቻ በሚቀርበት ክፍል ልጅቱ ምንም ሳትይዝ ትዛወራለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ላይ ሲካሄዱ የቆዩት አገር አቀፍ ምዘናዎችም አማካይ ውጤቱ ፖሊሲው ካስቀመጠው 50 በመቶ በታች ሆኖ እንደቆየ አሳይተዋል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ምዘና የ8ኛ ክፍል አማካይ 41 በመቶ ያህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. ወደ 36 በመቶ ገደማ ወረደ። ለሴቶች ልጆች ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ደግሞ በ4ኛ ክፍል ከወንዶቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠባብ ሆኖ ሳለ በ8ኛ ክፍል፣ በተለይም በሒሳብና በሳይንስ፣ መስፋቱ ነው። ሴቶቹ ከመጀመሪያው ያነሱ አልነበሩም ማለት ነው፤ በመንገድ ላይ ነው የቀሩት።

ስለዚህ ካርዱን ከማየት በፊት ልጅቱን ማስነበብ ይሻላል። የአማርኛ ወይም የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን መማሪያ መጽሐፍ ይዛ እንድትመጣና አንድ ገጽ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንድታነብ ይደረግ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመድረሳ በቃል የመያዝ ልምድ ያላት ልጅ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች ከክፍል ጓደኞቿ ሰምታ በቃሏ ልትወጣቸው ትችላለች፤ የምታነብ ይመስላል፤ አታነብም። በመሆኑም መጽሐፉን ከመካከሉ፣ ገና ካልተማሩበት ገጽ መክፈት ይገባል። ካነበበች በኋላ ያነበበችውን በራሷ አባባል ትንገረን። አሳዳጊዋ ማንበብ የማይችሉ አያት ቢሆኑም ይህንን ማድረግ ይችላሉ፤ ድምጿ እየተደናቀፈ ወይም እየፈሰሰ መሆኑን ለመስማት፣ ታሪኩን አስተካክላ መናገሯን ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። የ3ኛ ክፍል ተማሪ ሆና የማታነብ ልጅ ከተገኘች ሌላው ሁሉ ይቆይና ንባቡ ይቅደም። የማታነብ ልጅ የኅብረተሰብ ሳይንሱንም ሆነ የሒሳብ ጥያቄውን ልትረዳው አትችልም፤ ያላት አማራጭ ከሰሌዳ መገልበጥና በፈተና ቀን ከጎረቤቷ መኮረጅ ብቻ ነው።

ከ5ኛ ክፍል በኋላ

ሴቶች ልጆች ወደኋላ መቅረት የሚጀምሩት በዚህ ዕድሜ ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በገጠር አካባቢ ያሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብቻ በመሆኑ ልጅቱ ለቀጣዩ ክፍል ራቅ ወዳለ ቦታ መጓዝ ይኖርባታል፤ ወላጅም ስለመንገዱ ይሰጋል፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። በላይኛዎቹ ክፍሎች የሴት መምህራን ቁጥር ከታችኛዎቹ ያነሰ በመሆኑ ችግሯን የምታዋየው ሰው ታጣለች። በአዲስ አበባ ደግሞ 7ኛ ክፍል ላይ የማስተማሪያው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። በአማርኛ እንኳ ንባቧ ያልጠነከረ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ በማታውቀው ቋንቋ ሳይንስ ተማሪ ተብላ ትቀመጣለች።

የወር አበባ ጉዳይ በጋዜጣ ሊነሳ አይገባውም የሚል ካለ፣ የፊቅህ ኪታቦች ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጡት ጉዳይ መሆኑን እናስታውሰዋለን። ትምህርት ቤቱ ውኃና በር ያለው መጸዳጃ ከሌለው፣ ልጅቱም የንጽሕና መጠበቂያ ከሌላት፣ በወር ሦስት ቀን ብትቀር በአሥር ወር ውስጥ 30 የትምህርት ቀን ታጣለች። ይህ ስድስት ሳምንት ነው። ስድስት ሳምንት የቀረ ተማሪ ወንድም ቢሆን ይወድቃል። ይህንን ለአባቷ ወይም ለአጎቷ ልትነግረው አትችልም፤ የድርጅት ሠራተኛ ወንድ ከሆነም ለእርሱ አትነግረውም። የቤት ለቤት ጉብኝት በሴት እህቶች እንዲደረግ የምንወተውተው ስለዚህ ነው።

ከዚያ ጋብቻ ይከተላል፤ ወይም ባሕር ማዶ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 ዓመት አድርጓል። ሕጉን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ውጤቷ የወደቀ ልጅ ስትሆን ቤተሰቡ ምክንያት ያገኛል። «ለትምህርቱም አልሆነች፤ ትዳር ይሻላታል» ይባላል። በወሎ፣ በአርሲና በጅማ ገጠሮች ደግሞ ደላላው ቀድሞ ይደርሳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ዓላማው ልጆችን መጠበቅ ነበር። ይሁንና ለአንዳንድ ቤተሰብ በተለምዶ «ሚኒስትሪ» የሚባለው የ8ኛ ክፍል ፈተና ወደ 9ኛ ክፍል መግቢያ መሆኑ ቀርቶ ወደ ዓረብ አገር መውጫ በር ሆኖ ታየው። ፈተናውን በማንኛውም መንገድ ማለፍ እንጂ ትምህርቱን መያዝ ትርጉም አጣ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ሁሉ ደነገጠ። ድንጋጤው ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። እነዚያ ልጆች የወደቁት 12ኛ ክፍል ሲደርሱ አይደለም። ብዙዎቹ 2ኛ ክፍል ሳሉ የወደቁ፣ የነገራቸው ግን ያልነበረ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎ 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷል። ስሙ ቢለወጥም ለሴቷ ልጅ አስቸጋሪው ዕድሜ ያው ነው።

የቲምነት መቼ ያበቃል?

በዚህ ርዕስ ላይ ለጋሾች ቆም ብለው እንዲያስቡበት የምንፈልገው ሁለት ነገር አለ።

የመጀመሪያው እናት የሞተችባትን ልጅ ይመለከታል። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። የዐረብኛ ሊቃውንት ቃሉ ለሰው ሲሆን አባት ለሞተበት፣ ለእንስሳ ሲሆን እናት ለሞተችበት እንደሚውል ይናገራሉ። ምክንያቱም የሰው ልጅ ቀለብ በአባቱ ላይ ነውና። ብዙ የየቲም መዝገቦች የተዘጋጁት በዚሁ መሠረት ሲሆን የአባት የሞት ማስረጃ ይጠየቃል። ይሁንና ወደ ትምህርት ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከላይ በጠቀስነው ጥናት መረጃ ላይ የተሠራ ትንተና እናታቸውን ያጡ ልጆች በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸውና የማንበብና የመጻፍ ችሎታቸው በጉልህ እንደተጎዳ፣ አባታቸውን ባጡት ላይ ግን በዚያው መጠን እንዳልታየ አመልክቷል። ቤቱን የምታቆም እናት ስትሞት ምድጃው ወደ ማን እንደሚዞር ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ወደ ታላቋ ሴት ልጅ ነው። ይህች ልጅ አባቷ በሕይወት ስላለ ከመዝገቡ ውጪ ናት። የቲም የሚለውን ቃል ትርጉም እንለውጥ አንልም። ነገር ግን አባቷ ድሃ ከሆነ ልጅቱ ሚስኪን ናት፤ ለሚስኪን የሚሰጥ በርም ዝግ አይደለም። ማኅበራት ለእንደነዚህ ያሉት ልጆች ሌላ መዝገብ ቢከፍቱ የሚከለክላቸው የለም።

ሁለተኛው ድጋፉ የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። ከጉርምስና በኋላ የቲምነት እንደሌለ በሐዲስ ተነግሯል። ይህንን ይዘው «ልጅቱ ደርሳለች፤ ስፖንሰሯ ወደ ሌላ ይዛወር» የሚሉ አሉ። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን የምትደርሰው ግን አሁን ስንገልጽ በቆየነው ዕድሜ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ነው። ድጋፉ የሚቆመው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ወደ ሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ብንመለስ የየቲሞች ገንዘብ እንዲመለስላቸው የተቀመጠው መስፈርት መድረስ ብቻ አይደለም። ከመድረሳቸው ጋር ቅን ማስተዋል፣ ማለትም ሩሽድ፣ እንደታየባቸው መረጋገጥ ይኖርበታል፤ እስከዚያም እንዲፈተኑ ታዟል። አንቀጹ የተናገረው ስለ ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ጥበቃው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን ራስን በመቻልም የታሰረ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የ13 ዓመት ልጅ፣ 6ኛ ክፍል ሆና ንባብ እየጀመረች ያለች፣ ሩሽዷ ተረጋግጧል የሚል ዳኛ አይገኝም።

ድጋፉ መቼና በምን ላይ ይዋል?

የሙስሊሙ ኅብረተሰብ ልግስና በረመዷን ይጎርፋል። ይህ የተመሰገነ ነው። የትምህርት ወጪ ግን በመስከረም ይመጣል። ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚዞር ሁለቱ የሚገጥሙት አልፎ አልፎ ነው። በመሆኑም በረመዷን ከሚሰበሰበው ሰደቃ ለትምህርት የታሰበውን ለይቶ እስከ ነሐሴ ማቆየት ያስፈልጋል። ደብተሩ ኅዳር ላይ ከደረሰ ልጅቱ ሁለት ወር በወረቀት ቁራጭ ስትጽፍ ከርማለች።

ከደብተርና ከቦርሳ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእነርሱ በፊት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ሊታሰብ ይገባል። በመስጊድ ግቢ ወይም በመድረሳ ክፍል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም በጡረታ ላይ ባለች መምህርት የሚሰጥ ንባብና ሒሳብ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሸፋእ ቢንት ዐብዱላህን (ረ.ዐ) ታሪክ እዚህ ላይ ማንሳት ይበቃል። እኚህ ሰሐቢይት ማንበብና መጻፍ ከሚያውቁ ጥቂት የመካ ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፣ ለእናታችን ሐፍሷ (ረ.ዐ) መጻፍን ያስተማሩ እርሳቸው መሆናቸው በአቡ ዳውድ ሐዲስ ተጠቅሷል። ሴት ሴትን ማስተማሯ ለእኛ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ለልጅቱም ሌላ ጥቅም አለው፤ ትምህርቱ ከቤቷ ውጭ ስለሆነ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ማንም ውኃ ቅጂ አይላትም።

በመጨረሻም ለለጋሾች በየስድስት ወሩ የሚላከውን ሪፖርት በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለን። ሪፖርቱ እስካሁን የልጅቱን ፎቶግራፍ፣ አማካይ ውጤቷንና የምስጋና ደብዳቤዋን ይይዛል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ በሠራተኛ የተነገራትን የጻፈችው በመሆኑ ስለ እርሷ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። በምትኩ ለጋሹ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በዚህ ሴሚስተር ስንት ቀን ቀረች፣ ያልተማረችበትን ገጽ ስታነብ ሰምታችኋታል ወይ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን የምትከፍተው በስንት ሰዓት ነው? የመጀመሪያውን የክፍል ኃላፊዋ መምህር ከስም መጥሪያው ላይ ይሰጣሉ። ሁለተኛውን ጎብኚዋ እህት ራሷ ታረጋግጣለች። ሦስተኛውን ልጅቱ ብቻዋን ስትሆን መጠየቅ ይሻላል፤ አሳዳጊዋ ባሉበት ግን የምትመልሰው እርሳቸው ደስ የሚላቸውን ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ስለሚሰጥ ጉብኝቱ ከዚያ በፊት፣ በታኅሣሥ፣ ቢደረግ ለማስተካከል ጊዜ ይኖራል።